የትኛው እትም፣ የትኛው ተጨማሪ መጽሐፍ? ለሚና ጨዋታ ቡድኖች የንጽጽር መመሪያ

ደሴ ላይ ቅዳሜ ማታ እኛ ቤት የሚሰበሰበው የሚና ጨዋታ ቡድን ስድስት ሰው ነው። የምንጫወተው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን፣ በአጭሩ ዲኤንዲን ነው፤ አንዱ መሪ ሆኖ ታሪኩን ያቀርባል፣ ሌሎቻችን እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ እንይዛለን፣ የሚሆነውንም ዳይስና የመጽሐፉ ሕግ ይወስናሉ። ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት ከመካከላችን የአንዱ ጦረኛ ዋሻ ውስጥ ተመትቶ ወደቀና የሕይወት ነጥቡ ዜሮ ገባ። ካህኗን የምትጫወተው የእህቴ ልጅ ቁስል የሚፈውሰውን የመጀመሪያ ደረጃ ድግምት አነሣችና ባለ 8 ገጽ ዳይስ ሁለት ጣለች። አጠገቧ ጋቢውን ተከናንቦ የተቀመጠው ጓደኛችን በስፓይራል ያስጠረዘውን መጽሐፍ ገልጦ የሚጣለው ዳይስ አንድ ብቻ መሆኑን አሳያት። ሁለቱም ያነበቡት ልክ ነበር፤ እሷ ስልኳ ላይ የያዘችው የ2024ቱን ሕግ ሲሆን የእሱ ጥራዝ ደግሞ የ2014ቱ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አቦሉ ላይ የተነሣው ክርክር በረካው እስኪጠጣ አልበረደም፤ ጦረኛውም እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ዋሻው ውስጥ እንደተዘረረ ቆየ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ያ ክርክር በሌሎች ቡድኖች ላይ እንዳይደገም ነው። ከኮምቦልቻም ከወልዲያም ቡድን ለመመሥረት የሚያስቡ ወጣቶች በየጊዜው ሁለት ነገር ይጠይቁኛል፤ አንደኛው በየትኛው እትም እንጀምር የሚል ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ከተጨማሪዎቹ መጻሕፍት የትኛውን እናስመጣ የሚል። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ አንድ ሥር አላቸው፤ ዛሬ በተጨማሪ መጽሐፍ የምናየው ሕግ ብዙ ጊዜ ነገ በአዲሱ እትም ዋና መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ እናገኘዋለንና፣ እትሙን ሳይወስኑ ተጨማሪ መጽሐፍ ማስመጣት በገዛ ገንዘብ ያንኑ ነገር ሁለት ጊዜ መግዛት ሊሆን ይችላል።

ወሎ ውስጥ ደረሳ፣ ማለትም የእስልምና ትምህርት ተማሪ፣ በሚቀራበት አካባቢ ያደገ ሰው በእትምና በተጨማሪ መጽሐፍ መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት አይቸገርም። መትን አለ፣ ሸርህም አለ፤ መትኑ አጭሩና ዋናው ጽሑፍ ሲሆን ሸርሁ እሱን የሚያፍታታና የሚያሰፋ ነው፣ የሚቀራውም ከመትኑ ጋር እንጂ ለብቻው አይደለም። ማነጻጸሪያው የአጠናኑን መንገድ ብቻ ይመለከታል፤ በዚህ መንገድ ካየነው ተጨማሪ መጽሐፍ የሸርሁን ቦታ ይይዛል። የእትም ለውጥ ግን መትኑን ራሱን መለወጥ ነው፤ በቀደመው መትን ላይ የተጻፈው ማስፋፊያ ሁሉ በየቦታው አልገጥም ይላል።

የጨዋታው ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ያወጡት በ1974 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ተጨማሪ መጽሐፍ ግሬይሆክ በሚቀጥለው ዓመት በ1975 ተከተለ። ዛሬ ያለ እሱ ጨዋታው የማይታሰበው የሌባ ሙያ፣ እንዲሁም እያንዳንዱ መሣሪያ የየራሱ የጉዳት ዳይስ እንዲኖረው የሚያደርገው ሕግ የመጡት በዚያ ተጨማሪ መጽሐፍ ነው። ከዚያ በኋላ ከ1977 እስከ 1979 የወጡት፣ አድቫንስድ የተባለው የሰፋ የጨዋታው ቅጂ ሦስት መጻሕፍት፣ በ1989 ሁለተኛው እትም፣ በ2000 ሦስተኛው፣ በ2003 ሦስት ነጥብ አምስት የሚባለው እርማት፣ በ2008 አራተኛው፣ በ2014 አምስተኛው፣ በ2024 ደግሞ የአምስተኛው ክለሳ ተከታትለዋል። በ2000 እና በ2003 መካከል ያለው ጊዜ ሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ በ2001 እና በ2002 ገንዘባቸውን በተጨማሪ መጻሕፍት ላይ ያፈሰሱ ሰዎች የተሰማቸውን ቅሬታ ለመገመት አያዳግትም። በ2008ቱ ለውጥ ደግሞ ብዙዎች ቀድሞ በለመዱት ሕግ ለመቆየት መረጡ፤ ፓይዞ የተባለው አሳታሚ በ2009 ያወጣው ፓዝፋይንደር የተነሣው እነዚህን ተጫዋቾች ይዞ ነው።

የ2014ቱና የ2024ቱ

በእኛ አካባቢ ምርጫው በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ። ሁለቱ አንድ አጥንት አላቸው። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣላል፣ የችሎታው ጭማሪ ይደመራል፣ ሁኔታው ሲያግዝ ሁለት ዳይስ ተጥሎ ትልቁ፣ ሲከብድ ደግሞ ትንሹ ይወሰዳል። አሥራ ሁለቱ ሙያዎችም (ጦረኛ፣ ካህን፣ ሌባ የመሳሰሉት) በሁለቱም አሉ። በዚህ ምክንያት ለ2014 የተጻፈን የጀብዱ መጽሐፍ በ2024ቱ ሕግ ማጫወት ብዙም ችግር የለውም። ችግሩ የሚመጣው ገጸ ባሕርይ ሲሠራና ውጊያ ሲጀመር ነው።

በ2014ቱ የችሎታ ነጥብ ጭማሪ የሚመጣው ከዝርያ ነው፤ ድንክ መሳዩ ድዋርፍ ብርቱ፣ ጆሮ ሾጣጣው ኤልፍ ቀልጣፋ ሆኖ ይወለዳል። በ2024ቱ ጭማሪው የሚመጣው ከኋላ ታሪክ ነው፤ ወታደር የነበረ ሰው ወታደርነቱ ያዳበረለትን፣ ሲያነብ ያደገም ንባቡ የሰጠውን ያገኛል። እኔ በግሌ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ሰው በተወለደበት ሳይሆን በኖረበት ሲለካ ተጫዋቾቻችን ለገጸ ባሕርያቸው የሚያወጡት ታሪክ በጣም ይሻላል፤ ይህንን በጠረጴዛችን ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከዚህ ሌላ በ2024ቱ ንዑስ ሙያ፣ ማለትም በሙያው ውስጥ የሚመረጠው ልዩ ዘርፍ፣ ለሁሉም የሚጀምረው በሦስተኛ ደረጃ ነው፤ በ2014ቱ ካህኑና በተፈጥሮው ድግምተኛ የሆነው ሶርሰረር በአንደኛ፣ ድግምትን ከመጽሐፍ የሚማረው ዊዛርድና የተፈጥሮ ካህኑ ድሩድ በሁለተኛ ደረጃ ይጀምሩ ነበር። ለጀማሪ ቡድን ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፣ የመጀመሪያው ምሽት በምርጫ ብዛት አይባክንምና። በጦር መሣሪያ የሚዋጉ ሙያዎች በአዲሱ ሕግ እያንዳንዱን መሣሪያ የሚለይ ልዩ ጥበብ ስላገኙ፣ ጦሩና መዶሻው ከጉዳት ዳይስ ያለፈ ልዩነት አላቸው። ፓላዲኑ፣ ማለትም በመሐላ የታሰረው ቅዱስ ተዋጊ፣ ግን ቀንሷል፤ ድሮ በመታ ቁጥር የሚጨምረው መለኮታዊ ምት አሁን ድግምት ሆኖ በአንድ ተራ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። ፓላዲን የሚወድ ተጫዋች ካላችሁ ስለዚህ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ውጊያ መሀል ላይ ሲሰማው ይከፋዋል።

ስለ ድካም ሕጉ ለብቻው መናገር ይገባል፤ የእኛ ጀብዱዎች አቀበትና ብርድ ይበዛባቸዋልና። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ሐረጎን የወጣ ሰው ቆላውና ደጋው በአንድ ጉዞ እንዴት እንደሚፈራረቁ ያውቃል፤ ጀግኖቻችንንም በእንዲህ ዓይነት መንገድ እናስኬዳለን። በ2014ቱ ድካም ስድስት እርከን ያለው ሠንጠረዥ ሲሆን በእያንዳንዱ እርከን የሚደርሰው ጉዳት ይለያያል፤ ሦስተኛው ላይ ጥቃት ይከብዳል፣ አራተኛው ላይ የሕይወት ነጥብ ጣሪያ በግማሽ ይወርዳል፣ ስድስተኛው ላይ ሞት ነው። በ2024ቱም ስድስተኛው ሞት ነው፤ እስከዚያ ግን በእያንዳንዱ እርከን ከባለ 20 ገጹ ዳይስ ውጤት 2፣ ከፍጥነት ደግሞ 5 ጫማ ይቀነሳል። መብራት ጠፍቶ በሻማ ስንጫወት ሠንጠረዥ ፍለጋ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገንም፤ በዚህ ረገድ አዲሱ ያለ ጥርጥር ይበልጣል።

አሁን ደግሞ አዲሱ ያሳጣንን ልንገራችሁ። በልጅነታችን የሰማናቸው ተረቶች ሌሊት ጅብ፣ ቀን ሰው ስለሚሆን ፍጡር ያወራሉ። በእኛ ጠረጴዛ ኖል የሚባለውን ጅብ መሳይ ፍጡር ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ በርግማን ምክንያት ሌሊት ሌሊት ጅብ የሚሆን፣ ጀግኖቹ ሊያድኑት የሚሞክሩት የመንደር ሰው። በ2014ቱ ሕግ ኖል ከሰው መሰል ፍጡራን ስለሚመደብ ሰውን አስሮ የሚያቆመው ድግምት ይይዘዋል፤ ጀግኖቹም ሳይገድሉት ይዘው ማለዳን ይጠብቃሉ፣ ጎሕ ሲቀድም የሚያውቁት ጎረቤት ፊት ይገለጥላቸዋል። በአዲሱ የጭራቆች መጽሐፍ፣ በ2025 በወጣው፣ ኖል ከአጋንንት ወገን ሆኗል፤ ያ ድግምትም ከእንግዲህ አይነካውም። አንድ ቃል ብቻ ነው የተለወጠው፤ ያ ቃል ግን የእኛን ታሪክ ከማዳን ወደ መግደል ይለውጠዋል። እኛ የድሮውን ኖል ይዘን ቀረን። እትም ስትለውጡ የጭራቆቹን ኃይል ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ ከስማቸው ሥር በትንሹ የተጻፈውን ወገናቸውን አንብቡ።

በነፃ የሚገኘውና ወደ አማርኛ ሊመለስ የሚችለው

የ2024ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ 384 ገጽ ሲሆን የሽፋን ዋጋው 49.99 ዶላር ነው። የመሪውና የጭራቆቹ መጻሕፍት ሲጨመሩ ወደ 150 ዶላር ይጠጋል፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ተለምኖ ሻንጣው ላይ የሚጨምረው ክብደት ሳይቆጠር። ስለዚህ ለእኛ ሰው ነፃው መንገድ ከሁሉ አስቀድሞ መታየት አለበት።

በጥር 2023 የጨዋታው ባለቤት ኩባንያ ከ2000 ጀምሮ ሲያገለግል የቆየውን፣ ሌሎች በጨዋታው ሕግ ላይ ተመሥርተው እንዲያሳትሙ የሚያስችለውን ክፍት ፈቃድ ሊለውጥ ነው የሚል ረቂቅ ሾልኮ ወጥቶ ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሣ። በዚያው ወር መጨረሻ ኩባንያው የ2014ቱን መሠረታዊ ሕግ የያዘውን ሰነድ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቀው፤ በ2025 ደግሞ የ2024ቱን ሕግ የያዘውን ሰነድ በተመሳሳይ ፈቃድ አወጣ። ይህ ፈቃድ ምንጩን እስከጠቀሱ ድረስ መቅዳትን፣ ማሳተምን፣ መለወጥን፣ መተርጎምንም ይፈቅዳል። ሰነዱን ወደ አማርኛ መልሶ፣ አሳትሞ፣ ለሚፈልግ ሁሉ መስጠት ማንንም የማያስቀይም ሕጋዊ ሥራ ነው ማለት ነው። ይህን ባወቅሁ ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ለመግለጽ ይቸግረኛል፤ ከዚያ በፊት ለታናናሾቻችን ሕጉን የምናስረዳው በቃል ብቻ ነበር። አሁን 30 ገጽ ያህል በአማርኛ አዘጋጅተን ፒያሳ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት አባዝተናል።

ነፃው ሰነድ ሁሉንም አይዝም። ለእያንዳንዱ ሙያ የሚሰጠው አንድ ንዑስ ሙያ ብቻ ነው፤ እንደ ባለብዙ ዓይኑ ቢሆልደር ያሉ ስመ ጥር ጭራቆችም የሉበትም። ለአንድ ዓመት ጨዋታ ግን ከበቂ በላይ ነው። ተጨማሪዎቹ መጻሕፍት በዚህ ፈቃድ ሥር እንዳልሆኑ ደግሞ ልብ በሉ፤ እነሱን ተርጉሞ ማሰራጨት አይቻልም። በአማርኛ መጫወት የሚፈልግ ቡድን ብዙ ተጨማሪ መጽሐፍ በጨመረ ቁጥር ጨዋታው ወደ እንግሊዝኛው እየተመለሰበት ይሄዳል፤ እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው ተጫዋቾችም ዝም ማለት ይጀምራሉ። በእኛ ቡድን ይህ ሆኖ ስላየሁት ነው ተጨማሪ መጽሐፍ ላይ ጥንቁቅ የሆንሁት። እትም መለወጥም ቢሆን የተተረጎመውን ሁሉ እንደገና ማረም ስለሚጠይቅ፣ ዋጋው በዶላር ብቻ አይለካም።

ከዲኤንዲ ውጭ ያሉ ሁለት አማራጮችን በአጭሩ ላንሣ። የፓዝፋይንደር ሁለተኛ እትም በ2019 ወጥቶ በ2023 ታርሟል፤ እርማቱ የችሎታ ነጥቦችን ትቶ ጭማሪያቸውን ብቻ አስቀርቷል፣ የመልካምና የክፉ ወገን አመዳደብንም አስወግዷል። በተራ ሦስት ድርጊት የሚሰጠው ሥርዓቱ በጣም ግልጽ ነው፣ ሕጎቹም የተጨማሪዎቹን መጻሕፍት ጨምሮ አርካይቭስ ኦፍ ኔቲስ በተባለው ድረ ገጽ በነፃ ይነበባሉ። ነገር ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ የተጫወትነው በወረቀት ባለን ነገር ብቻ ስለነበር፣ ለክልላችን ቡድን ይህን እንደ መጀመሪያ ምርጫ አላቀርበውም። ሁለተኛው ቤዚክ ፋንታሲ ነው። አራት ዝርያና አራት ሙያ ብቻ አሉት፣ መጽሐፉም ተጨማሪዎቹም በነፃ ይወርዳሉ፣ በ2023 የወጣው አራተኛ እትሙም መተርጎምን በሚፈቅድ ፈቃድ ሥር ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በአንድ ከሰዓት በኋላ ማስጀመር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ተጨማሪ መጽሐፍ ሲመረጥ

የመጀመሪያው ተጨማሪ መጽሐፍ ለመሪው የሚጠቅም ይሁን። ተጫዋቾች አዲስ ንዑስ ሙያ ይወዳሉ፣ እኔም እወዳለሁ፤ ነገር ግን ስድስት ሰው አንድ ታሪክ እያደረገ አንድ ዓመት የሚቆየው መሪው የሚያቀርበው ነገር ሳያልቅበት ሲቀር ነው።

በ2014ቱ ለሚጫወት ቡድን ንጽጽሩ ብዙውን ጊዜ በ2017 በወጣው የዛናታር መመሪያና በ2020 በወጣው የታሻ ድስት መካከል ይሆናል። ዛናታር ንዑስ ሙያዎችና ድግምቶች ቢኖሩትም ለእኔ ዋጋው ያለው የመሪው ክፍል ላይ ነው፤ የእጅ ሙያ መሣሪያዎች በጨዋታው ምን እንደሚያስችሉ፣ ጀግኖች በጀብዱና በጀብዱ መካከል ያለውን ጊዜ በምን እንደሚያሳልፉ፣ በመንገድ ላይ ምን እንደሚገጥማቸው በዝርዝር ይሰጣል። ሸማኔ የነበረ ጀግና ሸማኔነቱ አንድ ቀን እንዲያድነው የሚፈልግ መሪ ይህን መጽሐፍ ይያዝ። ታሻ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሙያ አማራጭ ችሎታዎችን ይሰጣል፣ የዝርያን የችሎታ ጭማሪ እንደ ፍላጎት ማዛወርን ይፈቅዳል፣ ሰው ሲያንስ የሚጨመሩ አጋዥ ገጸ ባሕርያትን ያቀርባል። ቡድናችሁ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ ከሆነ አጋዦቹ በእውነት ይጠቅማሉ።

በ2024ቱ ለሚጫወት ግን ፍርዱ ይለወጣል። የታሻ አማራጭ ችሎታዎች ብዙዎቹ በአዲሱ ዋና መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል፤ ከንዑስ ሙያዎቹም የከዋክብቱ ድሩድ፣ የአእምሮ ጩቤ የሚመዝዘው ሌባና ሌሎችም አብረው ገብተዋል። ከዛናታርም በጨለማ የሚያደባው ሬንጀር (የዱር ተዋጊ) እና ከሰማይ የሆነ ደጋፊ ያለው ዋርሎክ (ከኃያል ፍጡር ጋር ቃል ገብቶ ድግምት የሚያገኝ) እንደዚሁ። አዲሱን ዋና መጽሐፍ የያዘ ሰው ታሻን ለማስመጣት የቀረው ምክንያት ትንሽ ነው፤ የዛናታር የመሪ ክፍል ግን አሁንም ይሠራል።

ጭራቅ ለሚፈልግ መሪ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ። በ2016 የወጣው የቮሎ መመሪያና በ2018 የወጣው የሞርደንካይነን የባላንጣዎች መጽሐፍ ጭራቆች ታርመው በ2022 በአንድ መጽሐፍ ተጠቃለዋል፤ እሱም ከ250 በላይ ጭራቆችን ይዟል። አንድ ሰው ሁለቱን የቆዩ መጻሕፍት በርካሽ ቢያቀርብላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አስታውሱ። የቆዩት የሚበልጡበት አንድ ነገር አለ፤ ስለ ፍጡራኑ አኗኗርና ባህል የሚያወሩት ረጃጅም ምዕራፎች በአዲሱ ውስጥ አልገቡም። ታሪክ መፍጠር የሚወድ መሪ ለእነዚያ ምዕራፎች ሲል ቢገዛቸው አልፈርድበትም።

መቼ ይለወጥ

የጀመራችሁት ታሪክ መሀል ላይ ከሆናችሁ ጨርሱት፤ እትም የሚለወጠው በአዲስ ታሪክ መጀመሪያ ላይ ነው። መጠበቅ ካልተቻለ ደረጃ በሚጨምሩበት ምሽት፣ ሁሉም በአንድ ላይ፣ ገጸ ባሕርይውን ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ጽፎ ይለወጥ፤ አንዱ በአዲሱ ሌላው በድሮው እያለ የሚቀጥል ቡድን በየምሽቱ የእኛን የዋሻ ክርክር ይደግማል። የ2014ቱን ዋና መጽሐፍ በእጁ ያለው፣ በሚገባም የሚያውቀው መሪ ያለው ቡድን ለመለወጥ ምንም አይቸኩል። ምንም የሌለው አዲስ ቡድን ግን በ2024ቱ ነፃ ሰነድ ይጀምር፤ ለስድስት ወርም ምንም ተጨማሪ መጽሐፍ አያስመጣ። በእነዚያ ስድስት ወራት ተጫዋቾቹ ጠይቀው መጽሐፉ ያልመለሰላቸውን ጥያቄ መሪው ደብተር ላይ ይመዝግብ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መጽሐፍ ከእነዚያ ጥያቄዎች የሚበዙትን የሚመልሰው ነው።

ከተለያየ እትም የምትወስዱት ነገር ካለም በጽሑፍ ይስፈር። የእኛ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ጦረኛው ከዋሻው በተነሣበት ቅዳሜ የተጻፉ ሁለት መስመሮች አሉ፤ አንደኛው ፈውስ ሁለት ዳይስ ነው ይላል፣ ሁለተኛው ደግሞ ጅቡ ቀን ቀን ሰው ነው ይላል።